ለ15 ሺህ ዶላር ማሽን ጉልበቴንም ልጨምርበት?

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ሣር ነው የማወራው።

እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ሣር አጭዳለሁ። በማጭድ አይደለም፣ እማዬ እስከዛሬ እንደዚያ ቢመስላትም። ተቀምጠው የሚነዱት፣ እዚህ ዜሮ ተርን የምንላቸው ማሽኖች አሉ፣ እነሱን ነው የምነዳው። ሥራው ከማርች መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ነው። በክረምቱ በረዶ እንጠርጋለን፣ የሱ ብሶት ለሌላ ቀን ይቆየን።

የሚያጭደው ስፋት 60 ኢንች የሆነ የሥራ ማሽን፣ አዲሱ 15 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠየቅበት አለ። ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል ይሄ ብር። ስትቀመጥበትም ሁሉ ነገር ለአንተ ምቾት የታሰበ ይመስላል። ወንበሩ ሞላ አለው። መንጃ ዘንጎቹን በጣትህ ገፋ ስታደርግ ሃይድሮሊኩ የቀረውን ይጨርሳል። ቢላዎቹን ለማስነሳት አንዲት ቁልፍ ወደ ላይ መሳብ ነው፣ ክላቹ ኤሌክትሪክ ነው። ኩባያ ማስቀመጫ አለው። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ያላቸውም አሉ።

ዴኩን ለማንሳትስ? እግርህ!

ለማታውቁት፣ ዴክ ማለት ከማሽኑ ሆድ ሥር የተንጠለጠለው ቢላዎቹን የያዘ ብረት ነው። ሦስት ቢላ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ወፍራም ላሜራ። ክብደቱን ለብቻው ሁለት ሰው ተጋግዞም በቀላሉ አያነሳውም። እሱን በቀኝ እግርህ ፔዳል ገፍተህ ከፍ ታደርገዋለህ፣ ከዚያ የምትፈልገው ቁመት ላይ ፒን ትሰካለህ፣ ከዚያ እንደገና ገፍተህ መቆለፊያውን ታላቅቅና ቀስ አድርገህ ታወርደዋለህ። አንዴ ቢሆን ማን ያማርራል? በቀን ስንት ጊዜ መሰላችሁ!

የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ስትወጣ ታነሳለህ። የሜፕል ዛፍ ሥሩን መሬት ላይ ዘርግቶ ሲጠብቅህ ታነሳለህ። የቢላው ጫፍ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚሽከረከረው፣ ሥር ወይም ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ቀልድ አይደለም። ጠጠር መንገድ ስታቋርጥ ቢላውን አጥፍተህ ታነሳለህ። ትሬለር ላይ ስትጭን ታነሳለህ፣ ስታወርድም ያው። ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት አይስማማም። አንዱ ግቢ ፌስኪው የሚባል ሣር ነው፣ ከ3 እስከ 4 ኢንች ካልተውክለት ጁላይ ላይ ይቃጠላል። አጥሩን ስትሻገር ዞይዥያ የሚባል ሌላ ሣር ይጠብቅሃል፣ እሱ አጭር ነው የሚወደው። ፒን ነቅለህ ፒን ስትሰካ ትውላለህ።

አሁን የሚያስቀውን ልንገራችሁ። ከወንበሩ ሥር የደህንነት ስዊች አለ። ነጂው ከወደቀ ሞተሩ እንዲጠፋ ነው የተሠራው። ጥሩ ነገር ነው፣ ሰው ያድናል፣ ስዊቹን ፈትተው የሚነዱትን አልደግፍም። ግን ፔዳሉ የተለካው ለማን እንደሆነ አላውቅም፣ ለእኔ አይደለም። እኔ ቀጭን ነኝ፣ እግሬም ረጅም አይደለም። ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ለመግፋት ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ማለት አለብኝ። ብድግ ስል ማሽኑ የወደቅኩ ይመስለዋል። ድርግም! ሞተሩ ጠፋ። የቤቱ ባለቤት በመስኮት ያየኛል። እኔም ሆን ብዬ እንዳጠፋሁት ሰው ስልኬን አያለሁ።

ዝናብ ከጣለማ አትጠይቁኝ። እርጥብ ሣር ከዴኩ ሥር እንደ ተመረገ ጭቃ ይጋገራል፣ ክብደቱ ይጨምራል። የሚያግዙህ ሞላዎች ደግሞ ማሽኑ ሲያረጅ ይደክማሉ። ማታ ቤት ስገባ ደረጃ የምወጣው በግራ እግሬ እየመራሁ ነው።

መፍትሔው የሌለ ነገር ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን አለ! ባለ 12 ቮልት ሞተር ያለው መግፊያ ዘንግ ዴኩ ላይ ይታሰራል፣ አውራ ጣትህ ሥር ቁልፍ ይቀመጣል፣ ተጫን፣ ወጣ፣ ተጫን፣ ወረደ። አለቀ። ኩቦታ የሚባለው ፋብሪካ በናፍጣ ዜሮ ተርኖቹ ላይ በሃይድሮሊክ የሚነሳ ዴክ ከገጠመ ቆይቷል። ትንንሽ ትራክተሮችማ ድሮም አላቸው። ብዙው የእኛ ዓይነት ማሽን ላይ ግን ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ "ተጨማሪ" ተብሎ ለብቻው ይሸጣል። ኩባያ ማስቀመጫው ከዋጋው ጋር ይመጣል፣ ጉልበትህን የሚያድነው ግን በተጨማሪ ክፍያ። ይሄን የወሰነ ሰው አንድ ሳምንት ከእኛ ጋር ይዋል።

አለቃዬ ሐበሻ ናቸው፣ የማከብራቸው ሰው። "ጋሼ፣ የሚቀጥለውን ባለ ኤሌክትሪክ ማንሻ ቢገዙልን?" አልኳቸው። "አንተ ልጅ፣ እኔ ይሄን ሥራ የጀመርኩት በእጅ በሚገፋ ነው" አሉኝ። እኔ በእጅ የምትገፋውን መች ነቀፍኩ? ከዚያ ግን ያገለገለ ባለ ኤሌክትሪክ ማንሻ ማሽን በደህና ዋጋ አገኙና ገዙ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ጓደኞቼን "ኑ እዩ" አልኩ፣ እንደ ሕፃን አነሳው አወርደው ነበር።

ሜይ ላይ፣ ሣሩ በሚያብድበት ወር፣ ቆመ። ዴኩ መሬት ላይ ወርዶ ቀረ። ፊውዝ ለወጥን፣ ሬሌ ለወጥን፣ ምንም። ለካ ማታ ማታ በግፊት ውኃ ስናጥበው የሽቦው መገጣጠሚያ ውስጥ ውኃ እየገባ ዝጎ ነበር፣ ዘንጉም አብሮ ሄዷል። ዴኩ ከወረደ ደግሞ ትሬለር ላይ አይወጣም፣ መወጣጫው ጫፍ ላይ ሆዱ ይያዛል። በክሪክና በሰንሰለት አንስተን፣ በእንጨት ደግፈን፣ የዘንጉን ፒን በመዶሻ አውጥተን ነው የጫንነው። ሻጩ ጋ ስንደውል ዕቃው ታዝዞ ነው የሚመጣው አሉ። መቼ? "እንደውልላችኋለን።" እስኪደውሉ ሣሩ ጉልበት ደረሰ። አለቃዬም "ይኸው ኤሌክትሪክህ!" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ፔዳል ተመለስን።

እውነቱን ለመናገር ፔዳልም የሚበልጥበት ቦታ አለ። አንዲት ሥር ላይ ዘለል ለማለት እግር ይፈጥናል፣ ኤሌክትሪኩ ቀስ ይላል። ሃይድሮሊኩ ኃይለኛ ነው፣ ግን ቱቦው ካፈሰሰ ዘይቱ የሰው ሣር ያቃጥላል። ይሄ ሁሉ ገብቶኛል። እኔ የምለው፣ ሁለቱንም አድርጉልን ነው። ቁልፉ ይኑር፣ ሲበላሽ ደግሞ ያለ መዶሻ የሚላቀቅ ፒንና በእግር የሚነሳበት ዘዴ ይኑር። ሽቦውንም ውኃ በማያስገባ መገጣጠሚያ ሥሩት። የውጭ ማሽን ነው፣ ዝናብና አቧራ እንዳለ እያወቃችሁ! 15 ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ፋብሪካ ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ፕላስቲክ ላይ ይቆጥባል?

አሁን ጥያቄዬ፣ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ የሙያ ወንድሞቼ፣ ለብቻው የሚሸጠውን የኤሌክትሪክ ማንሻ ፔዳል ባለው ማሽን ላይ ያስገጠመ አለ? ማንሻው ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉም ይሠራል ወይስ ያስወጡታል? ዝናብ የመታው፣ አንድ ሙሉ ሲዝን የቆየ ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ለጋሼ በፎቶ ማሳየት አለብኝ። "ጂም ግባ" ልትሉ የመጣችሁ ግን፣ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኑ፣ ወንበሩን እለቅላችኋለሁ።