በብጉሬ የማያገባው የለም

አዲስ አበባ ውስጥ ፊት የግል ንብረት አይደለም። እጅሽም እግርሽም ያንቺ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፊትሽ ግን የሠፈር ነው። ለዚህ ነው ሰው ገና ሰላም ሳይልሽ ግምገማ የሚጀምረው። «ውይ ከሳሽ!» «ጠቆርሽ ልበል?» «ምነው አበጥሽ?» ብጉር ካለብሽማ አለቀልሽ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጡ፣ በዓይን እንኳ የማታውቂያቸው ሴትዮ፣ ረዳቱ ሂሳብ እስኪሰበስብ አይታገሡም። «የኔ ልጅ፣ ለዚህ ነገር እሬት ሞክረሻል?»

ሞክሬያለሁ እማማ። እሬት፣ እርድ በማር፣ ሎሚ፣ የእንቁላል ነጭ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የጥርስ ሳሙና። አፍሽን ሳትጉመጠመጪ የጠዋት ምራቅ ቀቢበት ያሉኝ የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ሰውየው ማስተርስ አላቸው። ነጭ ሽንኩርት የቀባሁ ሰሞን ብጉሩ ባይጠፋም ሰው ጠፍቶልኝ ነበር።

ምክር ያለቀበት ደግሞ «ስታገቢ ይጠፋል» ይላል። ይህ በአገራችን የቆዳ ሕክምና የመጨረሻው ደረጃ ነው። አግብታ፣ ወልዳ፣ ፊቷ ያልጠራ ጓደኛ አለችኝ። እሷን ስጠቅስላቸው ጥፋቱ ወዲያው ወደ ባሏ ይዞራል።

ከምክሮቹ ሁሉ የምፈራው ግን አንድ ነው። ኮስሞቲክስ ቤት ከባንኮኒው ሥር የምትወጣ፣ ስምም አድራሻም የሌላት ክሬም። እንዲህ ያሉት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት አለ። ለጊዜው ፊት ታበራለች። ውሎ አድሮ ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ስታቆሚው ደግሞ ብጉሩ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይመለሳል። በዚህች ላይ ቀልድ የለኝም።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ በመጀመሪያ የታዘዘልኝ ዶክሲሳይክሊን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒትና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ክሬም ነበር። ዶክሲሳይክሊኑን በብዙ ውሃ ዋጪ፣ ውጠሽ ወዲያው እንዳትተኚ፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል ተባልኩ። ስለ ክሬሙ ደግሞ ጨርቅ ያነጣል ተባልኩ። እውነት ነው። የትራሴ ልብስ ተዥጎረጎረ። የእማዬ አዲስ ነጠላ ጥለቱ ላይ የጣቶቼ አሻራ ቀረ። ነጠላው ዛሬም ለማስረጃነት ተቀምጧል።

እነዚህ አልበቃ ሲሉ ትልቁ መጣ፤ አይሶትሬቲኖይን። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሮአኩታን በሚለው የንግድ ስሙ ነው። በፈረንጆቹ 1982 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ፣ ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነ እንክብል ነው። ፊትን የሚያወዙትን ዕጢዎች ያኮማትራል። እንደ ልኳንዳ ሥጋ በኪሎ ነው የሚታሰበው። ብዙውን ጊዜ ለሙሉ ሕክምናው በእያንዳንዱ ኪሎሽ ከ120 እስከ 150 ሚሊግራም፣ በወራት ተከፋፍሎ።

«ከንፈርሽ ይደርቃል» አለችኝ ሐኪሟ። «አፍንጫሽም፣ ዓይንሽም። መገጣጠሚያሽን ሊያምሽ ይችላል። ከፀሐይ ተጠንቀቂ። መጀመሪያ ላይ ብጉሩ ሊብስብሽ ይችላል፣ እንዳትደነግጪ። ደምሽን በየጊዜው እናያለን።» ከዚያ ድምፅዋን ጠንከር አደረገች። «እርግዝና ፈጽሞ አይታሰብም። ጽንስን ክፉኛ ይጎዳል። ከመጀመርሽ በፊት ምርመራ አለ። እየወሰድሽም፣ ካቆምሽ በኋላ ለአንድ ወርም መከላከያ ያስፈልግሻል።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ያልጻፍኩት እማዬን ነው።

የኔ እንክብል ማሸጊያው ላይ ሥዕል አለው። ሆዷ የገፋ ሴት፣ በቀይ ክብ ውስጥ፣ መስመር ተሰምሮባት። እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ሥዕል ግን አሳምራ ታነባለች። ከሥራ ስገባ ማሸጊያው ረከቦቱ ላይ፣ በሲኒዎቹ መሃል ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የብጉር መድኃኒት።»

«ብጉርሽ ያረገዘው መቼ ነው?»

«እማዬ፣ ይሄን እየወሰድኩ ማርገዝ የለብኝም ማለት ነው።»

«እና ማርገዝ ያማረሽ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አላማረኝም! ጽንሱን ስለሚጎዳ ነው።»

«የቱን ጽንስ?» አለችና ቁጭ አለች።

ይህ ሳያንስ የመድኃኒት ከረጢቱን ስታራግፈው ሐኪሟ አብራ ያዘዘችው ሌላኛው እንክብል ወደቀ። እሱ ደግሞ እማዬ የጠረጠረችው ራሱ ነው። «ይሄስ የየትኛው ብጉር ነው?»

በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራኝ መጣች። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳቻት። እማዬ ገባት፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባት። ከዚያ ወዲህ ወር በመጣ ቁጥር «ምርመራው ምን አለ?» የምትለኝ እሷ ናት። ችግሩ፣ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ማንም ሳይጠይቃት «ልጄ የምትውጠው የብጉር ነው» ማለት ጀመረች። ማንም ስላልጠየቀ ሁሉም ጠረጠረ።

ብጉሩ እንደተባለው መጀመሪያ ባሰበት። «ድሮም ይሄ የፈረንጅ ነገር» አሉ እነ እሬት። ቀጥሎ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ይህ የጎንዮሽ ጉዳት መድኃኒቱን የወሰደን ሁሉ ማለት ይቻላል አይምርም። አሁን ቫዝሊን የሌለበት ኪስ የለኝም። ቢሮ ውስጥ ክዳኑን ስከፍት ሁሉም ጣቱን ቀስሮ ይመጣል። መድኃኒቱን የምውጠው እኔ፣ ቫዝሊኑን የሚጨርሰው ፋይናንስ ክፍል።

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ያሉት አበው ግን አይሶትሬቲኖይን አልወሰዱም። መድኃኒቱ የአፍን ጥግና ጥግ ይሰነጥቃል። ስለዚህ አፍሽን በግማሽ ከፍተሽ መብላት ትለምጃለሽ። በትንንሹ ትጠቀልያለሽ፤ አዛጊም ከሆንሽ ትታረሚያለሽ። እንዲህ ሆኜ ነው ለፋሲካ አክስቴ ቤት የሄድኩት። አክስቴ የምታጎርሰው የተጣላት ሰው ያለ ይመስል ነው። ክትፎውን በእንጀራ ጠቀለለች። ጥቅሉ የእጇን መዳፍ ሞላው። ጫፉ ላይ ሚጥሚጣው ቀልቶ ይታየኛል። ግራ እጇን ከሥር ደገፍ አድርጋ «ያዢ!» አለች። በግማሽ ከፈትኩ። «ክፈቺ እንጂ፣ ምን ትሽኮረመሚያለሽ!» ከፈትኩ። በቀኝ በኩል ያለው ጥግ ተተረተረ። ሚጥሚጣው በተተረተረው በኩል ገባ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አክስቴ ልቧ ተነካ። የናፍቆት መስሏት። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።

ለነገሩ ክትፎው በሐኪም ትእዛዝ ነበር። ይህ እንክብል ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ከሕክምና ምክሮች ሁሉ ዘመዶቼ ያለ ክርክር ያጸደቁት ይሄን ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ላቦራቶሪው ደምሽ ውስጥ ቅባት ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ የደም ቅባትንና የጉበት ኢንዛይምን ከፍ ሊያደርግ ይችላላ። በቅባት ዋጪው፣ ቅባቱ ግን እንዳይገኝብሽ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማውቀው ከመሥሪያ ቤት በጀት መዝጊያ ነው።

ሁዳዴ ሲገባስ? 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ። ያወጣኝ አቮካዶ ነው። ከጾም መፍቻ ሰዓት በኋላ ጁስ ቤት እገባለሁ፣ ወፍራሙን አዛለሁ፣ እንክብሌን እውጣለሁ። ለውዝም ያግዛል፤ ዘይት የበዛበት ሽሮም እንዲሁ። ሁሉም ሰላም ነበር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግለው የአጎቴ ልጅ ወረቀቱን እስኪያነበው ድረስ። «ሽፋኑ እኮ ጄላቲን ነው! ጄላቲን ከከብት አይደል የሚሠራው?» ነገሩ የነፍስ አባቴ ዘንድ ደረሰ። አባ ፊቴን አተኩረው አዩና «መድኃኒት ነው ልጄ፣ ዋጪ» አሉ። ዕፎይ ብዬ መስቀል ተሳልሜ ስነሳ ጨመሩበት። «እሬትስ ሞክረሻል?»

በዓይኔ የመጣብኝ ግን ከሁሉም ይብሳል። ዓይን ሲደርቅ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ይቀላል። ለዚህ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባል ጠብታ ታዞልኛል። አንድ ቅዳሜ ከታችኛው ፎቅ ያሉ አንድ ሰውዬ አርፈው ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሰውየውን የማውቃቸው ደረጃ ላይ ሰላም ስንባባል ነው። ዓይኔ ሲቆረቁረኝ ከድንኳኑ ኋላ ዞር ብዬ ጠብታዬን አደረግሁ። ተትረፍርፎ ጉንጬ ላይ ወረደ። ዓይኔ ቀልቶ፣ ፊቴ ረጥቦ፣ አፍንጫዬም ደርቆ ነስር ስለጀመረኝ በሶፍት ይዤው ገባሁ።

ድንኳኑ ፀጥ አለ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ፊት ለፊት ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ከባለቤታቸው ይልቅ ሐዘንተኛ መስያለሁ። ባለቤታቸውም ይህን ያዩ ይመስለኛል። እህታቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሟችን በምን ነበር የምታውቂያቸው?»

«በደረጃ» አልኩ።

መልሱ ነገሩን አላቀለለውም።

ፀሐዩን በአጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እኔ ደግሞ ቆዳዬ ሳስቷል። ጠራራ ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ስሄድ ሰው ሰማዩን ያያል። ታክሲ ውስጥ የመስኮት ወንበር አልፈልግም ስል ደግሞ ረዳቱ ሁለት ሒሳብ ልትከፍል ነው ብሎ ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር ግን አለ። ሐኪሟ በየቀጠሮው «ስሜትሽስ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ይህን መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች አንዳንዶቹ ላይ ድብርት ስለታየ ነው። ስሜቱ የተለወጠበት ሰው ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መንገር አለበት። መጀመሪያ ስትጠይቀኝ ግራ ገባኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፊቴ ነበር። ያንን ፊት ይዤ ጠዋት ጠዋት ከቤት እንዴት እንደምወጣ የጠየቀኝ የለም።

አሁን ፊቴ ጠርቷል። ወዙ የለም። ጠባሳው አለ፤ እሱ ሌላ ቀጠሮ ነው። ፎቶ ስንነሳ ከኋላ አልቆምም። ከጎን ብርሃን ሲመጣ ፊቴን አላዞርም። ስልክ ሳወራ ስልኩን ከጉንጬ አላርቅም። ይህን ያህል ከንፈር ቢሰነጠቅም፣ ድጋሚ ውሰጂ ብባል እወስዳለሁ።

የሠፈሩ ኮሚቴ ግን ሥራ አልፈታም። ግማሹ «ፍቅር ይዟት ነው» አለ። ግማሹ «ቪዛ መጥቶላት ነው» አለ። ሚኒባስ ውስጥ ያገኘኋቸው አንዲት እናት ፊቴን አልፈው ወደ ላይ አዩና «ፀጉርሽ ምነው ሳሳ?» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የፎቅ ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው።

«ከዚያች እንክብል አምስት ፍሬ ብቻ ስጪኝ። ለሙሽራዋ ነው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ያለ ሐኪም አይወሰድም። አሜሪካ እንኳ ከ2006 ጀምሮ ታካሚውም፣ ሐኪሙም፣ መድኃኒት ቤቱም መዝገብ ላይ ካልሰፈሩ አይሰጥም።»

«አሜሪካ ሲባል ምን ያልመዘገቡት አለ።»

«ደግሞ ሙሽራ ናት። ብታረግዝስ?»

«እልል ነዋ! ለዚያ አይደል የምንድራት!»

«እኮ ለዚያ ነው የማይሆነው!»

እማዬ ማሸጊያውን አምጥታ ሥዕሉን አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት። «ይቺ ሴትዮ ብጉር የለባትም» አሉ።

ይሄኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። «ልጅዎም እኮ ብጉር የላትም።»

«ለሠርጓ ዕለት ቢወጣባትስ?» ብለው ተነሱ። ፊታቸው ጠቁሯል። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «እንክብሉን ደብቂው፣ ግድ የለም። ሰዓት በሰዓት እየደበቅሽ የምትቀቢያትን ነገር ግን ቢሮሽ ያሉት ነግረውኛል። እሷን አምጪ።»

ቫዝሊኑን ሰጠኋቸው።