ምሕረት የጭስ ማጣሪያ ለመቁረጥ ፈቃድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 ፕሬዝዳንት ዶናልድ ትራምፕ ለአንድ የዋዮሚንግ የናፍጣ መካኒክ ምሕረት አደረጉ። ሰውየው በከባድ መኪኖች ላይ የጭስ መቆጣጠሪያውን በማጥፋቱ ጥፋቱን ፍርድ ቤት ቀርቦ ያመነ፣ የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራትም የተፈረደበት ነው። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው የዚያው ግዛት ሴናተር ሲንቲያ ላሚስ የፌዴራሉ መንግሥት የጭስ መቆጣጠሪያ እንዲገጠም እንዳያስገድድ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ስሙንም የናፍጣ መኪኖች ነፃ አውጪ አሉት። ሁለቱ ዜናዎች እኛ ሹፌሮች ዘንድ የደረሱት አንድ ላይ ተሰፍተው ነው፦ «ተፈቅዷል፤ ማጣሪያውን አስቆርጠህ ቀጥ ያለ ማርሚታ አስገጥም።» ማጣሪያው ከጭሱ ውስጥ ጥላሸቱን የሚይዘው የጭስ መቆጣጠሪያው ክፍል ነው፤ ማርሚታው ደግሞ የጭስ ማውጫው ድምፅ ማብረጃ ነው። ከዴንቨር እስከ ዳላስ በየከባድ መኪና ማቆሚያው ይህ ምክር በነፃ ይታደላል።

አልተፈቀደም። ምሕረት የአንድን ሰው ቅጣት ያነሳል እንጂ ሕግ አይሽርም። የንጹሕ አየር ሕግ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን የጭስ መቆጣጠሪያ ማንሳትንም፣ ለማንሻ የሚሆን ዕቃ መሸጥንም እንደከለከለ ነው። ዋሽንግተን ዓይኗን ብትጨፍን እንኳ ካሊፎርኒያ አለች። እዚያ ከ14,000 ፓውንድ በላይ የሆነ የናፍጣ መኪና፣ ሰሌዳው የሌላ ግዛት ቢሆንም፣ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በዓመት ሁለት ጊዜ የጭስ ምርመራ ማለፍ ግዴታው ነው። ከሎንግ ቢች ወይም ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያነሳ ወገኔ ለተቆጣጣሪው ምን ሊያሳየው ነው? የሌላ ሰው የምሕረት ደብዳቤ?

ከሚቀርቡት ክርክሮች ሁሉ ደካማው፣ በጣም የሚደጋገመውም፣ «ማጣሪያው ሞተሩን ያንቀዋል» የሚለው ነው። ግማሽ እውነት ስለያዘ ብዙዎችን ያታልላል። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ የሚሽከረከረው ከፊቱና ከኋላው ባለው የጭስ ግፊት ልዩነት ነው፤ ከኋላው ያለው መንገድ ሲሰፋ ቶሎ ይነሳል፣ የጭሱም ሙቀት ዝቅ ይላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ንጹሕ ማጣሪያ የሚፈጥረው ግፊት መሐንዲሶቹ ገና ሞተሩን ሲነድፉ ያሰሉት ነው። በአሜሪካ ከ2007 ሞዴል ወዲህ ቱርቦው፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተርና ኮምፒውተሩ የተቀመሩት ከማጣሪያው ጋር አብረው ነው። ስለዚህ ማጣሪያውን ቆርጦ ባዶ ቧንቧ የበየደ ሰው ሥራው እዚያ አያበቃም፤ ኮምፒውተሩንም መዋሸት አለበት፣ አለዚያ መኪናው ኃይሉን ይቀንሳል። ገዢው «ኃይል ጨመረልኝ» የሚለውም በዚሁ ውሸት ውስጥ ተደርቦ ከሚገባው ተጨማሪ ነዳጅ የሚመጣ ነው። የቧንቧው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ባለ 5 ኢንች ማርሚታ ብቻውን የሚሰጠው በዋናነት ድምፅ ነው። የተጨመረው ነዳጅ አየሩ ሊያቃጥለው ከሚችለው ሲበልጥ ደግሞ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ያ ጭስ በጋሎን የተከፈለበት ናፍጣ ነው። ገንዘቡን ወደ ሰማይ እየረጨ «ነዳጅ ቆጠበልኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ መታገሥ ያቅተኛል።

ደግሞስ ማጣሪያው ለምን ተደፈነ? ይህን ጥያቄ የሚቆርጡት ሰዎች አይጠይቁም፤ መልሱ ገበያቸውን ይዘጋዋልና። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ጥላሸት ያበዛል። ማኅተሙ ያለቀ ቱርቦ ዘይት ወደ ጭስ ማውጫው ያሳልፋል። ለማጣሪያ መኪና ያልተሠራ ዘይት ከተቃጠለ በኋላ አመድ ይተዋል፤ አመድ ደግሞ እንደ ጥላሸት በሙቀት አይጠፋም፣ ማጣሪያው ወርዶ መጽዳት አለበት። ማጣሪያው ራሱን አቃጥሎ ለማጽዳት ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ የሚያድር መኪና ወደዚያ አይጠጋም። ማጣሪያው የተሞላው እንግዲህ ከፊቱ ያለው ነገር ስለታመመ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። ማጣሪያው ተቆርጦ ይጣላል፣ የዳሽቦርዱ መብራት ይጠፋል፣ የሚያፈሰው ኢንጀክተር ግን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ያ ኢንጀክተር አንድ ቀን ፒስቶን ሲበሳ ማርሚታውን የበየደው ሰው ስልክ አያነሳም። ባለቤቱም የማጣሪያ ማጽጃ ባለመክፈሉ የሞተር ዋጋ ይከፍላል፤ መሸጥ ቢፈልግ ደግሞ የተቆረጠ መኪና ሕጉን የሚያውቅ ነጋዴ አይነካውም።

«አንዲት መኪና ምን ታመጣለች?» ለሚሉት፦ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2020 ባወጣው ሪፖርት በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ550,000 በላይ የናፍጣ ፒካፖችና ቀላል የጭነት መኪኖች መቆጣጠሪያቸው እንደተነሳ ገምቷል፤ በሚለቁት ጭስ ሲሰላ ከ9 ሚሊዮን በላይ ተጨማሪ መኪኖችን መንገድ ላይ እንደ ማሰማራት ነው። ሁሉም «የእኔ አንዲት ናት» ያሉ ባለቤቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ2012 ጀምሮ የናፍጣ ጭስን ለሰው ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ጭሱንም ከማንም በፊት የሚተነፍሰው መቶ መኪና ተደርድሮ በሚያድርበት ማቆሚያ፣ ካቢናው ውስጥ የተኛው ሹፌር ነው። ከእነዚያ ሹፌሮች ብዙዎቹ የእኛ ወንድሞች ናቸው።

«ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያጭበረብራሉ» ይባላል። አዎን፣ የሞተር አምራቹ ከሚንስ 630,000 በሚያህሉ የ2013–2019 ሞዴል ራም ፒካፖች ላይ የጭስ ምርመራን የሚያመልጥ ዘዴ አስገብቷል ተብሎ ተከሶ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ይህ ለእኔ እንጂ ለእነርሱ አይመሰክርም፤ ግዙፍ ኩባንያ ያልቻለውን ባለ ሁለት መኪና ድርጅት ይችለዋል?

ሹፌሩ የሚያማርረው ያለ ምክንያት ነው አልልም። በአንድ የተበላሸ ሴንሰር የተነሳ መኪና ጭነቱን እንደተሸከመ በሰዓት 5 ማይል እንዲያዘግም መገደዱ በደል ነበር። በኦገስት 2025 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው ኃላፊ ሊ ዜልዲን በአይዋ ግዛት ባዛር ላይ፣ ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመረው የዩሪያ ፈሳሽ ሲያልቅ መኪናው ድንገት ኃይል እንዳያጣ የሚያደርግ መመሪያ ሲያወጡ ደግ አደረጉ። ችግሩ እንዲህ ይፈታል፤ መጋዝ ሳይነሳ።

ሴናተሯም በእርግጥ ለሹፌሩ ካዘኑ አምራቾች የማጣሪያውንና የሴንሰሩን ዋስትና እንዲያራዝሙ፣ የምርመራ ሶፍትዌራቸውንም ለትንንሽ ጋራዦች በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲከፍቱ የሚያስገድድ ረቂቅ ይዘው ይምጡ። ድምፅ የፈለገ ባለ ፒካፕ ደግሞ ከማጣሪያውና ከሌሎቹ የጭስ መቆጣጠሪያዎች ሁሉ በኋላ ያለውን ቧንቧና ማርሚታ መቀየር ይችላል፤ የአካባቢውን የድምፅ ደንብ እስካልጣሰ ድረስ የሚከለክለው የለም። ከዚያ ወደ ፊት ያለውን ግን አይንካ።