በንዴት ቀን ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ

ወገኖቼ፣ ስለ መሪዎች ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምወቅሰው እኛን ነው። ሽብር በተፈጸመ ማግስት መሪ ብቻውን ጦር አያዘምትም። እኛም “ምን ትጠብቃላችሁ? ግቡና ደምስሱ!” እያልን ከኋላ እንገፋዋለን። ያን ቀን ማንም “ቆይ፣ የት ነው የምንገባው? ማንን ነው የምንመታው?” ብሎ እንዲጠይቅ አንፈቅድም። የጠየቀውን ከሃዲ እንለዋለን።

አሸባሪ ታንክ የለውም፤ አየር ኃይልም የለውም። መንግሥትን ጦር ሜዳ ላይ እንደማያሸንፍ ያውቃል። የሚተማመነው በእኛ ድንጋጤ ነው። “ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው” ይባል የለ? ጥቂት ሰው ገድሎ ሚሊዮኖችን ያስደነግጣል። ሚሊዮኖቹ መንግሥታቸውን ይገፋሉ። መንግሥትም አሸባሪው ወደመረጠለት ሜዳ ሰተት ብሎ ይገባል። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የሴፕቴምበር 11ዱን ጥቃት ያስፈጸመው የአልቃይዳ መሪ ኦሳማ ቢን ላደን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሰራጨው ቪዲዮ፣ ዓላማው አሜሪካን እያደማ ለኪሳራ ማብቃት መሆኑን ሳይደብቅ ተናግሯል።

እስቲ ያንን ጊዜ ቀረብ ብለን እንየው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አውሮፕላኖቹን የጠለፉት 19 ሰዎች ነበሩ። 15ቱ የሳዑዲ ዜጎች ናቸው። ከመካከላቸው አንድም ኢራቃዊ፣ አንድም አፍጋናዊ አልነበረም። ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። በሦስተኛው ቀን የአሜሪካ ምክር ቤት ለፕሬዚዳንቱ ጦር የመጠቀም ሥልጣን ሰጠ። ፍሬ ነገሩ በእንግሊዝኛ 60 ቃላት ብቻ ያላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ጥቃቱን ያቀደ፣ የፈጸመ ወይም የረዳ ነው ብሎ ፕሬዚዳንቱ ያመነበትን ሁሉ ምታ ትላለች። የትኛው አገር እንደሆነ አትናገርም። እስከ መቼ እንደሆነም አትናገርም። ሴኔቱ 98 ለ0 አጸደቃት። በታችኛው ምክር ቤት ድምፁ 420 ለ1 ነበር።

አንዷ ባርባራ ሊ ናት። የካሊፎርኒያ ተወካይ ነበረች። ሐዘኑ የእሷም ነው፤ በዚያው ቀን ለሟቾች ጸሎት ሲደረግ ካቴድራል ውስጥ ነበረች። ያለችው ነገር ቀላል ነው፦ እስቲ ለአፍታ ቆም ብለን መዘዙን እናስብ። ከዚያ በኋላ የግድያ ዛቻ ስለጎረፈባት ጠባቂ ተመደበላት። ዛቻውን የላከባት አሸባሪ አልነበረም። የገዛ ወገኗ ነው።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ከአፍጋኒስታን አልፋ ለየመን፣ ለሶማሊያና ለሶሪያ ዘመቻ ሕጋዊ መሠረት ሆና ቀረበች። ጥቃቱ ሲፈጸም ከነስሙ ያልነበረውን አይሲስ የተባለ አሸባሪ ቡድን ለመውጋትም እሷው ተጠቀሰች።

ኢራቅ ደግሞ ከሁሉ የባሰች ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከ10 አሜሪካውያን 7ቱ ያህል ሳዳም ሁሴን በጥቃቱ እጁ ሳይኖርበት አይቀርም ብለው ያምኑ ነበር። እጁ አልነበረበትም። አለው የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያም አልተገኘም። አገሪቱ በአሜሪካ ወረራ ከፈረሰች በኋላ ግን ከፍርስራሹ አይሲስ ወጣ። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 ሞሱልን የሚያህል ከተማ ያዘ።

ይህን ስጽፍ የሩቁን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 የእኛም ጦር ሶማሊያ ገብቷል። ስጋቱ የፈጠራ አልነበረም፤ ያኔ ሞቃዲሾን ይዞ የነበረው የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት መሪዎች ጅሃድ አውጀውብን ነበር። ሞቃዲሾ በቀናት ውስጥ ተያዘች። ብዙዎቻችን ነገሩ ያለቀ መሰለን። ጦሩ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 ነው። ያኔ የኅብረቱ የወጣቶች ክንፍ የነበረው አልሸባብ “የውጭ ጦር ገባብን” እያለ ተዋጊ መለመለ፣ ገነነ። ወታደሩ የታዘዘውን ፈጽሟል። ከተማዋ ስትያዝ “መቼና እንዴት ነው የምንወጣው?” ብለን መጠየቅ የነበረብን እኛ ነን።

“ታዲያ እየገደሉን ዝም እንበል?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አላልኩም! ገዳይ መታደን አለበት። ግን ቢን ላደን በመጨረሻ እንዴት ተገኘ? እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 አፍጋኒስታን ውስጥ 100,000 ገደማ የአሜሪካ ወታደር ነበር። ሰውየው የተገኘው ፓኪስታን ውስጥ፣ አቦታባድ በሚባል ከተማ ነው። ለዓመታት መልእክተኛውን ዱካ በዱካ የተከተሉ የስለላ ሰዎች አገኙት። ጥቂት ኮማንዶዎች በአንድ ሌሊት ጨረሱት።

ሙምባይንም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 ከፓኪስታን በባሕር የመጡ 10 ታጣቂዎች 166 ሰው ገደሉ። ሕንድ ውስጥ “ፓኪስታንን እንምታ!” የሚለው ድምፅ ከፍተኛ ነበር። ሁለቱም አገሮች ኒውክሌር አላቸው። የጠቅላይ ሚኒስትር ማንሞሃን ሲንግ መንግሥት አልዘመተም። በሕይወት የተያዘውን አንዱን ታጣቂ ፍርድ ቤት አቀረበ፤ ማስረጃውን ሰብስቦ ለፓኪስታንም ለዓለምም አሳየ። ፍትሑ ሙሉ አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ከድንበር ማዶ ሆነው ነገሩን የጠነሰሱት ለዓመታት እንደልባቸው ኖረዋል። ያ ያንገበግባል። ቢሆንም ሁለት የኒውክሌር ባለቤቶች ጦርነት ሳይገቡ ቀሩ። ይህን ፍርሃት ነው የሚል ካለ እኔ አልስማማም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ያ ቀን ቢመጣ አልቅሱ፣ ቅበሩ፣ ተቆጡም። ግን ለዘመቻ ከማጨብጨባችሁ በፊት ጠይቁ። ማን ነው ያደረገው? የምንመታው እሱኑ ነው ወይስ ለእጃችን የቀረበውን? ሥልጣኑ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል? ልጆቻችን የሚመለሱት ምን ሲሳካ ነው?

አሜሪካ ከአፍጋኒስታን ሥልጣን ያባረረችው ታሊባን እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2021 ዋና ከተማዋ ካቡል ተመልሶ ገባ። ከ11 ቀን በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አጥፍቶ ጠፊ ራሱን አፈነዳ። ለመውጣት ሲጋፉ የነበሩ ከመቶ በላይ አፍጋናውያን ሞቱ። 13 የአሜሪካ ወታደሮችም አብረው ሞቱ። ከእነሱ አንዳንዶቹ የ20 ዓመት ልጆች ነበሩ። ያ የ420 ለ1 ድምፅ ሲሰጥ ገና ጡት ይጠቡ ነበር።