ለሲኤንኤ 2 ሰዓት፣ ለሐኪም 30 ቀን

አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም (በአረጋውያን መጦሪያ) የሚሠራ ሐበሻ የ2 ሰዓቱን ደንብ ያውቀዋል። አንድ ሲኤንኤ (የምስክር ወረቀት ያለው ረዳት ነርስ) አረጋዊ መታ ወይም ያለአግባብ ነካካ የሚል ቅሬታ ከተሰማ፣ ድርጅቱ ቢበዛ በ2 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አለበት። ተከሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ፈረቃውን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ይሸኛል። የምርመራው ውጤት በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ይላካል። ቀርቦ የመከራከር መብት አለው፤ ጥፋቱ ተረጋግጦ ስሙ በስቴቱ መዝገብ ከሰፈረ ግን ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፍለው ነርሲንግ ሆም ሊቀጥረው አይችልም። ጥብቅ ነው፤ መሆንም አለበት።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ሲከሰስ ነገሩ ይላላል። ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሐኪሞች ብሔራዊ መዝገብ አለ፤ ሆስፒታሎች ሐኪም ሲቀበሉም ሆነ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ ሊያዩት ይገደዳሉ። ቀዳዳው ያለው መዝገቡ ውስጥ በሚገባው ላይ ነው። ሆስፒታሉ ሐኪሙን ሪፖርት የሚያደርገው እገዳው ከ30 ቀን ሲበልጥ ነው። 29 ቀን ታግዶ የተመለሰ አይጻፍም። ምርመራ ላይ እያለ የለቀቀ ይመዘገባል፣ ምርመራው ሳይከፈት «በገዛ ፈቃዱ» የለቀቀ ግን ንጹሕ ወረቀት ይዞ ሌላ ከተማ ይቀጠራል። ሆስፒታሉም ከክስ ይገላገላል። ታካሚ ደግሞ መዝገቡን ማየት አይፈቀድለትም።

ውጤቱን ኒውዮርክ አይታዋለች። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የማሕፀንና ጽንስ ሐኪም ሮበርት ሃደን በጁን 2012 አንዲት ታካሚ የወሲብ ጥቃት አደረሰብኝ ብላ ለፖሊስ ደውላ ተያዘ። በቀናት ውስጥ ግን ሥራው ላይ ተመለሰ፤ ለ5 ሳምንታት ያህልም ታካሚ ማየት ቀጠለ። የ20 ዓመት እስር የተፈረደበት በ2023 ነው። ዩኒቨርሲቲውና አጋሩ ሆስፒታል ለተጎጂዎች ለመክፈል የተስማሙት ገንዘብ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል።

ሃደን ሲመለስ የተሰጠው ቅድመ ሁኔታ ምርመራ ሲያደርግ ሌላ ሠራተኛ አብሮት እንዲቆም የሚል ነበር። ይህ መፍትሔ ብዙ ቦታ ይወደዳል፤ ርካሽ ነውና። ነገር ግን የምትቆመው ብዙውን ጊዜ የሐኪሙ የበታች ናት። ለምን እንደቆመች አይነገራትም፤ ዕቃ አምጪ ስትባል ትወጣለች፤ ክፍሉ ውስጥ ስትሆንም የሐኪሙ ጀርባና አንሶላው ይጋርዷታል። ታካሚዋም ገደቡ መኖሩን አታውቅም። አውስትራሊያ ጉዳዩን በገለልተኛ ባለሙያ ካስመረመረች በኋላ በ2017 የሕክምና ቦርዷ በዚህ አሠራር ታካሚን መጠበቅ እንደማይቻል ተቀብሏል።

ካሊፎርኒያ የተሻለ መንገድ ጀምራለች። ከ2020 ወዲህ ታካሚ የወሲብ ጥቃት ቅሬታ በጽሑፍ ካቀረበ፣ ሆስፒታሉ በ15 ቀን ውስጥ ለሐኪሙ ፈቃድ ሰጪ አካል ማሳወቅ አለበት፤ ምርመራ ተከፈተ አልተከፈተ ለውጥ የለውም። ሌሎቹም ስቴቶች ይህን ቢወስዱ ጥሩ ነው፤ 15 ቀኑ ግን ለእኔ አሁንም ረጅም ነው።

እስከዚያው፦ ጥቃት የደረሰበትን ሰው አታጥቡ፣ ልብሱንና አንሶላውን አትቀይሩ። ያያችሁትን ሰዓቱን ጠቅሳችሁ በዚያው ፈረቃ ጻፉ። ቤተሰብ ደግሞ በሆስፒታሉ ቅሬታ ክፍል ብቻ አይወሰን፤ ብዙ ቦታ እዚያ የገባ አቤቱታ በራሱ ወደ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ አይሄድም። ለፖሊስም ለቦርዱም በቀጥታ ማመልከት ይቻላል፣ በአስተርጓሚም ቢሆን።