ይድረስ ለክቡር የመኪና ታፔላ

ጉዳዩ፦ ሸዋ ሮቢት ስላልደረሰው «ሸዋ ሮቢት»

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ደብረ ሲና አስፋልት ዳር ቆመን ከመጨሳችን በቀር ደህና ነን።

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ጠርዝዎ በፕላስተር ተጠግኖ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር «ሸዋ ሮቢት» ብለው ተደግፈው ነበር። አምኜ ገባሁ። ሒሳብም የተቀበሉኝ እስከ ሮቢት ነው። ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ቆላ ልገባ ነው ብዬ ጋቢዬን አጣጥፌ ጨርሻለሁ። ደብረ ሲና ላይ መኪናው ቆመ። «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» አለ ረዳቱ። ቆሎ ለመግዛት የቆምን መስሎኝ ንቅንቅ አላልኩም። «ፋዘር፣ ይውረዱ እንጂ!»

«ሮቢት ይላል እኮ» ብዬ እርስዎን ባሳየው፣ ቆሎውን በመዳፉ እያሸ አንዴ እርስዎን አንዴ እኔን አየና «ታፔላ አምነው ነው የገቡት?» አለኝ። ቆሎ ሻጮቹ ሳይቀሩ ሳቁብኝ። ከዚያ ዓይኔ እያየ እጁን በመስኮት አስገብቶ ገለበጥዎት። ጀርባዎ ላይ «ደብረ ብርሃን» ተጽፏል። ወዲያው ሞልቶ ተመለሰ።

ትራፊክ ፖሊስ ሲያዩማ እንዴት ያሉ እውነተኛ ነዎት!

በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ባቡርም ያደናግራል። አረንጓዴው ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ደግሞ ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ነው የሚሄዱት። ሜክሲኮ ላይ ሳያይ የተሳፈረ፣ መገናኛ ልሄድ ሲል ሳሪስ ራሱን ሊያገኘው ይችላል። ግን እዚያ ቀለሙን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። የእርስዎን ቀለም ማን ያውቃል?

ከእኔ ጋር አንዲት እናት ወርደው ነበር። ከሐኪም ቤት የሚመለሱ፣ ልጅ ያዘሉ፣ መድኃኒቱን በፌስታል የያዙ። ለሌላ መኪና የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ለእሳቸው ምን ትላቸዋለህ? አዎ፣ አንተን ነው፤ ክቡርነቱ እዚህ ላይ አልቋል። ነዳጅ ተወደደ፣ ወረፋው ገደለን ትላላችሁ። እሺ፣ ታዲያ ከመነሻው «ደብረ ሲና» ብትል ምን ነበረበት? ሰው እኮ ብሩን ቆጥሮ ነው ከቤቱ የሚወጣው! እየቆረጡ መጫን ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የቀረውን ሒሳባችንን ላክ። እስከዚያው «እንደ ሁኔታው» የሚል ጽፈህ ተለጠፍ።

ግልባጭ፦
ለጀርባህ