ጎማ የበላውን ባትሪ አይመልሰውም

ሰሞኑን በእኛ በዲሲ አካባቢ ሾፌሮች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ የድምፅ መልእክት እየዞረ ነው። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ተናጋሪው ጎማና ቸርኬ የሚሸጥ ወንድማችን ነው። በቤንዚንም በኤሌክትሪክ ሞተርም ስለሚሄደው ስለ ሃይብሪድ መኪና እንዲህ ይላል፦ «ሃይብሪድ የያዛችሁ ስለ ጎማ አትጨነቁ። ነዳጅ የሚቆጥበው ባትሪው ነው፤ ጎማው ምን አገባው? እንዲያውም ትልቅ ቸርኬ በአንድ ዙር ብዙ ስለሚሄድ ያተርፋችኋል።» ከሥሩ አውራ ጣት ተደርድሯል። «ተባረክ» የሚለውም ብዙ ነው።

እኔ ግን ተናደድኩ። ይህንኑ ወሬ ባለፈው ዓመት ከአንድ ጎማ ቤት ሰምቼ፣ አምኜ፣ ዋጋውን በቤንዚን ከፍያለሁ። አሁን ደግሞ ገና ትናንት ኡበር የጀመረ ልጅ፣ የመኪናውን ዕዳ ከፍሎ ያልጨረሰ ልጅ፣ ይህን ሰምቶ ካርዱን ሊያወጣ ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ «በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል» የምትለዋን እንያዝ። ይህቺ ወሬ ሜትር ያልያዘ ሰው ወሬ ናት። ቸርኬ ሲተልቅ እኮ ጎማው ይሳሳል። የእኔ መኪና የ2017 ፕሪየስ ነው፤ የቶዮታ ሃይብሪድ። ከፋብሪካ የመጣበት ጎማ 195/65 ባለ 15 ኢንች ነው፤ ስፋቱ 195 ሚሊሜትር፣ የላስቲኩ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች ማለት ነው። ጎማ ቤቱ ያስገባልኝ 225/40 ባለ 18 ኢንች ነበር። ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ማንም ሰው በስልኩ ማስላት ይችላል። የመጀመሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ 634 ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሁለተኛው 637 ነው። ልዩነቱ ሦስት ሚሊሜትር አይሞላም! የተለወጠው ብረቱ በዛ፣ ላስቲኩ አነሰ፣ ጎማው ሰፋ፤ ይኸው ነው። «ብዙ የሚሄደው» የቱ ነው?

እሺ፣ ጎማው በእርግጥ ከነላስቲኩ ተለቀ እንበል። አሁንም ትርፍ የለም። ድሮ በማርሽ በምንነዳው ኮሮላ ቢሆን፣ ትልቅ ጎማ የሞተሩን ዙር ትንሽ ይቀንሳል ተብሎ ሊወራ ይችላል። ፕሪየስ ግን እንደዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የሚቀያየር ማርሽ የለውም። ሞተሩና ሁለቱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች በአንድ ፕላኔታሪ ጊር (በመሐል ጥርስ ዙሪያ ሌሎች ጥርሶች በሚዞሩበት ማርሽ) ተያይዘዋል። ቤንዚኑ ሞተር ስንት ዙር እንዲዞር የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው፤ የሚወስነውም ምን ያህል ጉልበት እንደተፈለገ አይቶ ነው። ጎማ አተለቅክ ብሎ የሚሰጥህ ስጦታ የለም።

እንዲያውም ይጎዳሃል። ጎማው ከዋናው ልክ ከተለቀ የማይል ቆጣሪው አሳንሶ ይቆጥራል። እኛ ደግሞ ታክስ ስንሠራ የመኪናውን ወጪ ከገቢያችን የምንቀንሰው በነዳነው ማይል ነው። ለ2025 የተፈቀደው በማይል 70 ሳንቲም ነበር። በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳና ከቆጣሪው እያነበበ የሚመዘግብ ሰው፣ ቆጣሪው 2 በመቶ ቢያጎድልበት 800 ማይል ጠፋበት ማለት ነው። ከገቢው መቀነስ የነበረበት 560 ዶላር ሳይቀነስ ቀረ። ስለ ታክስ ካነሳሁ ይህንንም ልበል፦ «ቤንዚኑ ከታክስ ይቀነሳል፣ ምን ቸገረህ» የሚሉ አሉ። በማይል ለሚቀንስ ሰው ይህ አይሠራም። በማይል የሚታሰበው ያው ነው፤ መኪናህ ብዙ ቤንዚን ብትጠጣ ትርፉን የምትከፍለው ከኪስህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። «ነዳጅ የሚቆጥበው ባትሪው ነው፤ ጎማው ምን አገባው?» ይህ አባባል ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ምክንያቱም እውነቱ ተገላቢጦሽ ነው። ጎማ ከተራው የቤንዚን መኪና ይልቅ የሚያገባው ሃይብሪድን ነው።

ባትሪው ጉልበት አይፈጥርም። ፕሪየስ ግድግዳ ላይ አይሰካም፤ የሚሰካው ሌላው ዓይነት ነው። የእኛ መኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ጉልበት በሙሉ መጀመሪያ ቤንዚን ነበር። ሃይብሪድ የሚያደርገው አንድ ትልቅ ነገር ነው፦ ሌላው መኪና የሚያባክነውን መልሶ ይለቅማል። ፍሬን ስትይዝ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፤ የመኪናው ሩጫ ተመልሶ ባትሪ ውስጥ ይገባል። ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ይጠፋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የገዛነውም ለዚህ ነው።

ጎማ የበላው ጉልበት ግን አይመለስም። አንድ ጠብታ አይመለስም። ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቃል። ከመሬት ሲለይ ይላቀቃል። ይህ በየዙሩ፣ በየሰከንዱ ይደጋገማል። ላስቲኩ በተጨፈለቀና በተላቀቀ ቁጥር ይሞቃል። ያ ሙቀት የእኛ ቤንዚን ነው። ከደለስ ኤርፖርት ተነስታችሁ ባልቲሞር ደርሳችሁ ስትወርዱ ጎማችሁን በእጃችሁ ዳስሱት። ይሞቃል። ያንን ሙቀት ወደ ባትሪ የሚመልስ መኪና እስከ ዛሬ አልተሠራም።

የድሮ መኪና ብዙ ቦታ እንደሚያፈስ እንስራ ነው። በሞተሩ ያፈሳል፣ በፍሬኑ ያፈሳል፣ ቆሞ ሲያንኮራኩር ያፈሳል። እዚያ ላይ የጎማው ቀዳዳ ብዙ አይታወቅም። በሃይብሪድ ግን ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ተደፍነዋል ወይም ጠበዋል። በሾፌሩ እጅ የቀሩት ሁለት ናቸው ማለት ይቻላል፦ ነፋሱና ጎማው። ነፋሱን በፍጥነታችን ካልሆነ አንለውጠውም። ጎማውን ግን እኛ ነን የምንመርጠው። እሱን አስፍተህ፣ አክብደህ፣ ርካሽ ላስቲክ አልብሰህ «ባትሪው ይቆጥብልኛል» ማለት እንስራውን በገዛ እጅ መብሳት ነው።

ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው። ማታ ማታ ከሬገን ኤርፖርት ሰው ጭኜ በፓርክዌይ ወደ ኦልድ ታውን አሌክሳንድሪያ እወርዳለሁ። ወንዙን ይዞ የሚሄድ ሜዳ መንገድ ነው። በድሮው ጎማ እግሬን ለቀቅ ሳደርግ ዳሽቦርዱ ላይ «ኢቪ» የምትለው አረንጓዴ ምልክት ትበራለች። ሞተሩ ጠፍቷል ማለት ነው። መኪናዋ ዝም ብላ ትንሳፈፋለች፤ ተሳፋሪው እንኳ ጸጥታውን ያስተውላል። ባለ 18ቱን ካስገባሁ በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ያቺ ምልክት ትበራና ወዲያው ትጠፋለች። መኪናዋ ቶሎ ፍጥነት ታጣለች፤ ፍጥነቷን ለመጠበቅ እግሬን እጨምራለሁ፤ ሞተሩ ይነሳል። በየመንገዱ እንዲህ ነው። የሃይብሪድ ትርፍ ያለው እዚያች ሞተር ጠፍቶ በሚነዳባት ቦታ ላይ ነው። ጎማው የሚሰርቀው ከእሷ ነው።

ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አንጋፋ ሾፌር አሉ። ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል። አዲሱን ቸርኬ ዞረው ዞረው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ አይንከባለልም፤ ይጎተታል» አሉኝ። ሳቅሁ። በሁለተኛው ወር ሳቁ ተወኝ። በፊት በጋሎን 51 ማይል ታሳየኝ የነበረችው መኪና 45 ላይ ቁጭ አለች። በዓመት 40,000 ማይል ብታሰሉት ከ100 ጋሎን በላይ ነው። ጋሎኑ በ3 ዶላር ሂሳብ 314 ዶላር ገደማ። ለቸርኬውና ለጎማው የከፈልኩት 1,100 ዶላር ሳይቆጠር።

«የአንድ ሰው መኪና ማስረጃ አይሆንም» የሚል ይኖራል። እሺ፣ የእኔን ተዉት። ቶዮታ ራሱ የሸጠውን እዩ። የ2023 አዲሱ ፕሪየስ ሲወጣ፣ ባለ 17 ኢንቹ፣ ኤልኢ የሚባለው ርካሹ ዓይነት፣ በመንግሥት መለኪያ በጋሎን 57 ማይል ነው የተጻፈለት። ባለ 19 ኢንቾቹ፣ ኤክስኤልኢና ሊሚትድ የሚባሉት ውዶቹ፣ 52። ሞተሩ ያው ባለ 2 ሊትር ነው። ባትሪው ያው ነው። የጎማው ስፋት እንኳ ያው 195 ነው። ውዱ መኪና ዕቃ ስለሚበዛበት ትንሽ ይከብዳል፤ ይህን አልክድም። ግን 5 ማይል በወንበር ቆዳ አይጠፋም። እኔን ብትጠይቁኝ አብዛኛው የሄደው በዚያ በሚያምረው ቸርኬ ነው። ባትሪው ነው የሚቆጥበው የሚለው ወንድማችን ይህን ያስረዳን። አንድ ዓይነት ባትሪ ለምን ሁለት ዓይነት ቁጥር ሰጠ?

የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2006 ጉዳዩን አጥንቶ የደረሰበት ነገርም አለ። የጎማው የመንከባለል ተቃውሞ በ10 በመቶ ሲቀንስ ነዳጅ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቆጠባል። ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን በአንድ ልክ በተሠሩ ሁለት ጎማዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ እጅግ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ቸርኬ ሳትነካ፣ ያንኑ ባለ 15 ኢንች ርካሽ ጎማ አድርገህ ብቻ ልትከስር ትችላለህ። አዲስ ጎማ ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ከአሮጌው ትንሽ ይበልጥ ይበላል፤ ይህ እውነት ነው። ያ ግን እያለቀ ሲሄድ ይሻሻላል። የመጥፎ ጎማ ዕዳ እስክትጥለው ድረስ አብሮህ ይኖራል።

«ሰፊ ጎማ መንገድ ይይዛል፤ ለደህንነት ነው» ይላሉ ደግሞ። በደረቅ አስፋልት፣ በፍጥነት ለሚታጠፍ ሰው፣ እሺ። እኛ ግን እሽቅድምድም ላይ አይደለንም። ዝናብ ሲጥልና ውኃ ሲያቁር ሰፊ ጎማ ቶሎ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። የዲሲ ጉድጓድስ? ላስቲኩ ስስ በሆነ ቁጥር ጉድጓዱን የሚመታው ቸርኬው ነው። እኔ በአንድ ክረምት አንዱን አጣምሜ ነበር።

የሚያናድደኝ ሌላው ነገር ሾፌሩ ራሱን የሚከላከልበት መረጃ አለመኖሩ ነው። ፍራንክፈርት ያለው የአክስቴ ልጅ ጎማ ሲገዛ ከኤ እስከ ኢ የተጻፈ ምልክት ያያል። ነዳጅ በመቆጠብ የቱ እንደሚሻል፣ በእርጥብ መንገድ የቱ ቶሎ እንደሚቆም ተለይቶ ተለጥፏል። አውሮፓ ይህን ምልክት ያስገደደችው ከ2012 ጀምሮ ነው። እዚህስ? ኮንግረስ በ2007 ባወጣው ሕግ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ጎማን በነዳጅ ቁጠባ ደረጃ እንዲያወጣ አዘዘ። መሥሪያ ቤቱ በ2010 ግማሽ ደንብ አወጣ። ጎማው ላይ የሚለጠፈው ደረጃ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ስንት ዓመት ነው ይሄ? ጎማው ላይ የምናየው የማለቅ፣ የመያዝና ሙቀት የመቋቋም ደረጃ ብቻ ነው። መረጃ በሌለበት ቦታ ነው የቴሌግራም ድምፅ ንጉሥ የሚሆነው።

ጎማ ውስጥ ስለሚሞላው ነፋስ በአጭሩ። ከሙቀቱ ወደ ብርዱ ስንገባ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር ጎማው 1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ያጣል። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት እስኪበራ አትጠብቁ። ሕጉ ያስገደደው ነፋሱ በ25 በመቶ ሲጎድል እንዲበራ ብቻ ነው። 36 የተባለ ጎማ 27 እስኪደርስ ዝም ሊል ይችላል ማለት ነው። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ተለጣፊ ላይ ተጽፏል፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው ትልቁ የነፋስ ቁጥር የመጨረሻ ጣሪያ እንጂ የእናንተ መኪና ልክ አይደለም።

እኔ ባለ 15ቶቹን መልሻለሁ። ባለ 18ቶቹ ከነጎማቸው ቤዝመንት ውስጥ ተደርድረዋል። ባለቤቴ «ሽጣቸውና ቦታ ልቀቅልኝ» ትላለች። ለሌላ ሾፌር መሸጥ ግን ሕሊናዬ አልፈቀደም።

ለድምፁ ባለቤት አንድ ጥያቄ አለኝ። ወንድሜ፣ ሁለቱንም ዓይነት ጎማ ሞክረን እንይ። የእኔን ፕሪየስ እንጠቀም። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት በባለ 15ቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ባልቲሞር ደርሰን እንመለስ። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፍጥነት፣ የጎማውን ነፋስ ለክተን በባለ 18ቱ እንድገመው። ሁለቱንም ጊዜ ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ ፓምፕ እንሙላ። ደረሰኙን ግሩፑ ላይ አንተ ራስህ ለጥፈው። ቤንዚኑን እኔ እከፍላለሁ።