የጌም ሙዚቃን በፊልም ሚዛን አትመዝኑብን

ደሴ ላይ ሊካሄድ ነው የተባለው የወጣቶች የሙዚቃ ድርሰት ውድድር ማስታወቂያ እጄ ላይ አለ። ለፊልም፣ ለቴአትርና ለመድረክ የተደረሰ ሙዚቃ ማቅረብ ይቻላል ይላል። ከሥር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሯል፤ ለቪዲዮ ጌም የተሠራ ድርሰት ተቀባይነት የለውም። ከዳኞቹ አንዱ በሬዲዮ ቀርበው ምክንያቱን አስረዱ። የጌም ሙዚቃ ከፊልም ሙዚቃ ጋር ለመነጻጸር ገና ነው፣ ከክላሲካልማ ጋር ጭራሽ አይነሳም አሉ። ለምን? ስለሚደጋግም።

ይደጋግማል! ይህ ወሎ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚባል ነገር ነው? ባቲና አምባሰል እኮ ስማቸውን ለቅኝት የሰጡ የእኛው አገሮች ናቸው። አንድ የአምባሰል ዜማ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ዜማው ያው ነው። ግጥሙ ይለወጣል፣ የሰሚው ሆድ ይባባል። አንድ መንዙማ ሌሊቱን ሲመላለስ፣ መሪው ሲያወጣ ጀማው ሲቀበል፣ ድቤው እየጋለ ሲሄድ፣ ሰለቸኝ ብሎ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ዳኛው የሚያከብሩት ክላሲካልም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የፈረንሳዊው ደራሲ የራቬል ሥራ ቦሌሮ ሩብ ሰዓት ያህል በማይለወጥ የከበሮ ምት ላይ ያንኑ ዜማ ያመላልሳል። እሱ ጥበብ ከተባለ መደጋገም እንዴት ወንጀል ይሆናል?

በእነሱ ሚዛንም ቢሆን የጌም ሙዚቃ አይወድቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲከፈት አገሮች በሰልፍ የገቡት በጃፓን ጌሞች ሙዚቃ ነው፤ ኦርኬስትራ ተጫውቶት። የእኛም ባንዲራ ያለፈው በዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ለጌም ከተደረሰ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የአሜሪካኑን የሙዚቃ ሽልማት ግራሚን ያገኘው በስዋሂሊ የተዘፈነ ነበር፤ በአፍሪካ ቋንቋ። ግራሚ በኋላ ለጌም ሙዚቃ ራሱን የቻለ ዘርፍ ከፍቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጀመሪያውን አሸናፊ ሸለመ። ከፊልም ጋር ማነጻጸሩ እንደማያዋጣ እነሱም ገባቸው ማለት ነው።

የእኔ ነገር ግን ሽልማቱ አይደለም።

ፊልም አንዴ ተቆርጦ ያለቀ ነገር ነው። የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ጀግናው በስንተኛው ሰከንድ በሩን እንደሚከፍት ያውቃል። ለክቶ ይጽፋል። ሲምፎኒም እንደዚያው ነው፤ ሰሚው ቢያለቅስ ቢያንቀላፋ ኖታው ንቅንቅ አይልም። የጌም ሙዚቃ ደራሲ ይህ ዕድል የለውም። ተጫዋቹ በሩ ላይ ሦስት ሰከንድ ሊቆም ይችላል። ወይም ጆይስቲኩን አስቀምጦ ቡና ሊጠጣ ይሄዳል። ሙዚቃው ሳያሰለች መጠበቅ አለበት። በሩ ሲከፈት ደግሞ ሳይደናቀፍ ወደ ሌላ ዜማ መሻገር አለበት።

ይህን ሥራ እኛ እናውቀዋለን። የአዝማሪ ሥራ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ምሽቱ እንዴት እንደሚያልቅ አያውቅም። አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል። አዝማሪው እጁን ሳያቆም ተቀብሎ ዜማው ውስጥ ያስገባዋል። እንግዳው ግጥሙ ከጠፋበት ዜማውን እያዞረ ይጠብቀዋል። ቤቱ ከሞቀ ያፋጥናል። የከፋው ሰው ካየ ወደ ትዝታ ይመልሰዋል። ጌም ቤት የተቀመጠ ልጅ ቁልፉን ሲጫን የሚለው ይህንኑ ነው፤ ተቀበል! ሙዚቃው ካልተቀበለው ጨዋታው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ የተባለ ጌም አራት ኖታ ብቻ ነበረው። ጠላቶቹ በፈጠኑ ቁጥር አራቱ ኖታዎች አብረው ይፈጥናሉ፤ የተጫዋቹም ልብ አብሮ ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ የጌም ሠሪው ኩባንያ የሉካስ አርትስ ሰዎች ተጫዋቹ ከቦታ ቦታ ሲሄድ ሙዚቃው ሳይቆረጥ የሚሻገርበትን ዘዴ ሠሩ። የትኛው ሲምፎኒ ነው ሰሚውን እንዲህ የሚጠብቀው?

ላሊበላ ለገና የሄደ ሰው ደግሞ ሌላውን ያውቀዋል። ያው ዜማ መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ በድምፅ ብቻ ይባላል። ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል። ከዚያ በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ። በመጨረሻ በጽፋት ይፈጥናል፣ ይጨበጨባል። ዜማው አንድ ነው፤ የሚለወጠው በላዩ የሚደረበው ነው። ቅዱሱን ከጨዋታ ጋር ላስተካክል አይደለም፤ የአሠራሩን ጥበብ ነው የማወራው። የዛሬ የጌም ሙዚቃ ደራሲዎች የሚጽፉት በዚህ ዓይነት ድርብርብ ነው። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሲሄድ አንድ መሣሪያ ብቻ ይሰማል። ጠላት ብቅ ሲል ከበሮው ይገባል። ሲሸሽ ከበሮው ይወጣል፤ ዜማው ግን አልተቆረጠም። ይህን ለመስማት የወሎን ያህል የተዘጋጀ ጆሮ የት ይገኛል? ታዲያ የራሳችንን ሚዛን ጥለን የሰው ሚዛን የምንዋሰው ለምንድን ነው?

የኮምፒውተር ድምፅ ነው የሚል ነገርም ሰምቻለሁ። ጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ኮጂ ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ለሱፐር ማሪዮ ጌም ሲደርስ የኒንቴንዶ ማሽን የሚሰጠው አምስት የድምፅ መስመር ብቻ ነበር። በዚያች አምስት መስመር የሠራው ዜማ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ማሲንቆስ ስንት አውታር አለው? አንድ። አንድ አውታር ያስለቀሰው ሕዝብ አምስት መስመር አነሰ ብሎ አይፈርድም።

አዎ፣ የማይረባ የጌም ሙዚቃ ሞልቷል። የማይረባ የፊልም ሙዚቃስ? በዚያ ምክንያት የፊልሙን በር የዘጋ የለም።

ሸዋ በር የሚኖር አንድ ወጣት አውቃለሁ። በላፕቶፑ ጌም ይሠራል። ሙዚቃውን በባቲ ቅኝት ደርሶታል፤ ክራር ብቻውን ይጀምራል። ባለታሪኩ የጦሳን ተራራ መውጣት ሲጀምር ድቤ ይገባል፤ ቆም ሲል ድቤው ዝም ይላል፣ ክራሩ ይጠብቀዋል። ሰምቼዋለሁ። ፀጉሬ ቆሟል። ይህ ልጅ ነው አይመለከትህም የተባለው።

ምዝገባው ገና አልተዘጋም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከማስታወቂያው ላይ ሰርዙ። ዳኛውም ጆይስቲኩን በእጃቸው ይያዙና ያን ተራራ ራሳቸው ይውጡት። መሐል ላይ ቆም ይበሉ። ክራሩ ሲጠብቃቸው ይስሙና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ።